ደብረ ብርሃን ላይ ቤዝ ጊታር መማር፦ ከእጅ አያያዝ እስከ ተጫዋች ፍለጋ

ቤዝ ጊታር ገዝቶ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ መሐል ሜዳ የተመለሰ ሰው ክራር የሚደረድር ጎረቤት፣ ማሲንቆ የሚገዘግዝ ዘመድ ወይም ኪቦርድ የሚነካካ ጓደኛ ማግኘቱ አይቀርም፤ ቤዝ የሚጫወት ሰው ግን ከተማውን ቢያስስ ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኝ ነው። በዚህ የተነሣ አብዛኛው ጀማሪ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እየተመለከተ ለብቻው ይጀምራል፤ ከስድስት ወር በኋላም ጣቶቹ ፈጥነው ሳለ ከባንድ ጋር ሲቆም አጨዋወቱ ለምን እንደማይጥም ግራ ይገባዋል። ለብቻ ሊለመድ የሚችለውን ነገር ተጫዋች አጠገብ ተቀምጠው ካልሆነ በቀር ከማይገኘው ነገር አስቀድሞ መለየት ብዙ ጊዜና ገንዘብ ያድናል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህንኑ ልዩነት ተከትሎ የተዘጋጀ ነው፤ መጀመሪያ በቤትዎ የሚሠሩትን፣ ቀጥሎም ሰው ፈልገው የሚጠይቁትን ያሳያል።

ጊታሩን ከመግዛትዎ በፊት

ለጀማሪ ባለአራት ክር ቤዝ ይበቃል። ክሮቹ ከወፍራሙ ተነሥተው ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ተብለው ይቃኛሉ፤ ባዶ ክር ሲመታ ድምፃቸው በቅደም ተከተል 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ኸርዝ (ክሩ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ካቀረበው ፕሪሲዥን ቤዝ ጀምሮ የክሩ ርዝመት በአብዛኛው 34 ኢንች ወይም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ቆይቷል። ይህ ርዝመት በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱን በሚከፋፍሉት የብረት ዘንጎች) ላይ ጣትን በጣም ስለሚያራርቅ፣ እጃቸው ትንሽ የሆነ ሰዎች ወይም ልጆች 30 ኢንች የሆነውን አጭር ቤዝ ቢይዙ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እኔ የመጀመሪያዬን ቤዝ የገዛሁት ቀለሙን አይቼ ነበር። አንድ ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ ያሳየኝ ያገለገለ ጊታር ቀይና የሚያብረቀርቅ ስለነበር አንገቱን ሳልመለከት ከፍዬ ተሳፈርኩ፤ ደብረ ብርሃን ደርሼ ስከፍተው ከሰባተኛው ፍሬት በላይ ክሩን ለመጫን የበሬ ጉልበት የሚጠይቅ ሆኖ አገኘሁት። እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። የጊታሩን አናት ወደ ዓይንዎ አስጠግተው፣ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው በአንገቱ ጠርዝ በኩል፣ ክሮቹ አካሉ ላይ ወደሚታሰሩበት ብሪጅ ይመልከቱ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ወይም በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ የጎበጠ ሊሆን ይገባል፤ ከተጠማዘዘ ግን ይተዉት። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በአንድ ጣት አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላ ጣት አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ይጫኑና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ክፍተቱ የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ከሆነ መልካም ነው። ከዚያ የሰፋ ከሆነ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በማጥበቅ ሊስተካከል ይችላል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ሳያዞሩ፣ እንጨቱም እስኪረጋ አንድ ቀን ጠብቀው ይድገሙት። በመጨረሻም እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ ጊዜ ይምቱ፤ የሚንጣጣ ወይም ድምፁ የሚሞት ቦታ ካለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ያገኙታል።

ስለ አየሩ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድም ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እንጨቱ እርጥበቱን ሲያጣ ስለሚሸማቀቅ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ወጥቶ እጅ ሊቧጭር ይችላል፤ ክሩም በብርድ ስለሚኮማተር ቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል። በአንጻሩ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የወረደ ጊታር ክሩ ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ስለዚህ ከመንገድ እንደገቡ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥተው ወዲያው አይቃኙት፤ ከክፍሉ አየር ጋር እስኪላመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። ጣትም እንደዚያው ነው፤ የቀዘቀዘ እጅ ክሩን ሳያውቀው ይቀጠቅጣል፣ ስለዚህ ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ በሁለት መዳፍዎ ጨብጠው ካሞቁት በኋላ ይጀምሩ። ጋቢ ለብሰው የሚለማመዱ ከሆነ የቀኝ ትከሻዎን ያውጡ፤ ጫፉ ክሩ ላይ እየተንጠለጠለ ለብዙ ሳምንት ድምፄን ሲያፍንብኝ የጊታሩ ችግር መስሎኝ ነበር።

አምፕሊፋየር ሳይኖር

መብራት የሚጠፋበት ምሽት ብዙ ስለሆነ ያለ አምፕሊፋየር መለማመድ መቻል ግድ ነው። አደጋው ግን ግልጽ ነው፤ ድምፁ ስለማይሰማ ተማሪው ክሩን በኃይል መምታት ይለምዳል፣ በኋላም አምፕሊፋየር ፊት ሲቆም እጁ አይታዘዝለትም። መፍትሔው የጊታሩን አካል ጠርዝ ከእንጨት ጠረጴዛ ወይም ከቁም ሣጥን በር ጋር አስነክቶ መጫወት ነው፤ እንጨቱ ድምፁን ተቀብሎ ክፍሉን ይሞላዋል፣ እርስዎም በለስላሳ እጅ የመቱት ድምፅ በሚገባ ይሰማዎታል። ጊታሩን በቤት ቴፕ ላይ መሰካት ግን ስፒከሩን ሊያበላሽ ስለሚችል ይቅር።

ለመቃኘት የስልክ መተግበሪያ በቂ ነው። ሆኖም የስልክ ማይክሮፎን የወፍራሙን ክር ድምፅ በትክክል ለመያዝ ስለሚቸገር፣ ጣትዎን በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ብረት ትክክል ላይ ክሩን ሳይጫኑ አሳርፈው በመምታት ከፍ ያለውን ጥርት ያለ ድምፅ ያሰሙት። መተግበሪያው ከሌለ የአንዱ ክር አምስተኛ ፍሬት ድምፅ ከሚቀጥለው ቀጭን ክር ባዶ ድምፅ ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ያስታውሱ። በተመሳሳይ ምክንያት ቤዝን በስልኩ በራሱ ስፒከር ማዳመጥ ዋጋ የለውም፤ ያቺ ትንሽ ስፒከር 41 ኸርዝ የማውጣት አቅም ስለሌላት የሚሰሙት የድምፁን ጥላ ብቻ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ።

ቀኝ እጅ

ሰዎች የግራ እጅን ይመለከታሉ፤ የቤዝ ድምፅ ግን የሚሠራው በቀኝ እጅ ነው። የቀኝ አውራ ጣትዎን በፒካፑ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን በሚቀበለው መሣሪያ) ጠርዝ ላይ አሳርፈው ጠቋሚና መሐል ጣትዎን ተራ በተራ ያስመቱ። ጣቱ ክሩን ነቅሎ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ክሩን ተጭኖ ካለፈ በኋላ ከጎኑ ባለው ወፍራም ክር ላይ ያርፋል። በኢ ክር ላይ ሲመቱ ማረፊያ ክር ስለሌለ በአውራ ጣትዎ ላይ ይረፍ። በዚህ አመታት ድምፁ ሙሉ ይሆናል፣ ጣቱም ለሚቀጥለው ምት የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል።

የመጀመሪያው ልምምድ አሰልቺ ነው፤ ግን አይዝለሉት። ሜትሮኖሙን (እኩል ምት የሚያሰማውን መሣሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉ፣ የግራ እጅዎን ሳይጠቀሙ እያንዳንዱን ባዶ ክር አራት አራት ጊዜ እየመቱ ከኢ እስከ ጂ ይሂዱና ይመለሱ። ይህን በስልክዎ ይቅረጹት። ቅጂውን ሲያዳምጡ ጠቋሚው የመታው የትኛው፣ መሐል ጣት የመታው የትኛው እንደሆነ ለይተው ካወቁ ልምምዱ አላለቀም፤ ሁሉም ድምፆች አንድ ጣት እንደመታቸው ሆነው እስኪሰሙ ድረስ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይስጡት። ከቀጭን ክር ወደ ወፍራም ሲወርዱ ብቻ አንድ ጣት ሁለቱንም ክር በተከታታይ ቢጠርግ ይፈቀዳል፤ ጣቱ ቀድሞውኑ ማረፊያው ላይ ስለሚደርስ ተፈጥሯዊ ነው።

እዚህ ላይ ደንብ ማክረር እንደማይገባ የሚያሳይ አንድ ሰው አለ። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባሳተማቸው ቅጂዎች ውስጥ ቤዝ የተጫወተው አሜሪካዊው ጄምስ ጄመርሰን በቀኝ እጁ የሚጠቀመው ጠቋሚ ጣቱን ብቻ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ቤዝ ተጫዋቾች ግን እስከ ዛሬ ያጠኑታል። ጀማሪ ይህን ሰምቶ አንድ ጣት ይበቃኛል ቢል አልመክረውም፤ ድምፁ እኩል ከሆነ ግን በስንት ጣት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም።

አውራ ጣት ክሩን እንደ ከበሮ የሚመታበትን፣ ላሪ ግራሃም ያስፋፋውን የስላፕ ስልት ሁሉም ጀማሪ ይወደዋል። ከአንድ ዓመት በፊት አይንኩት፤ በአገራችን ዘፈን ውስጥ የሚያስፈልግበትም ቦታ ጥቂት ነው።

ግራ እጅ

ጣትዎ ክሩን የሚጫነው ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ተጠግቶ ነው። ከብረቱ በራቁ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ ብረቱ ራሱ ላይ ከወጡ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። አውራ ጣትዎ ከአንገቱ ጀርባ፣ በመሐል ጣትዎ ትክክል ይቀመጥ፤ አንገቱን እንደ ዱላ አይጨብጡት። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ፍሬት ባለው ሰፊ ቦታ ላይ አራት ጣትን በአራት ፍሬት መዘርጋት የእጅ አንጓን ስለሚጎዳ ሦስት ፍሬት ብቻ በጠቋሚ፣ በመሐልና በትንሿ ጣት ይሸፍኑ፤ የቀለበት ጣት ትንሿን ከኋላ ይደግፋታል። ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት መመደብ ይቻላል። የጣት ጫፍ ለጥቂት ሳምንታት መቁሰሉ የተለመደ ነው። አንጓዎ ወይም ክንድዎ ከታመመ ግን ያቁሙ፤ የጊታሩን ማንጠልጠያ አሳጥረው ቁጭ ሲሉም ሲቆሙም ጊታሩ እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ያድርጉ።

ድምፁን መጨረስ

ለብቻዬ አንድ ዓመት ያህል ከተለማመድኩ በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆቴል የሚጫወት ባንድ ልምምድ ላይ ተጋበዝኩ። ቤዝ ተጫዋቹ በዕድሜ የገፉ፣ ወፍራም ሹራብ ላይ ኮት የደረቡ ሰው ነበሩ። ጊታራቸውን ሰጡኝና ከፊቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔ ያጠናሁትን ስጫወት እጄን አላዩም፣ ወለሉን እያዩ ብቻ ያዳምጡ ነበር። ስጨርስ ቀና ብለው «ልጄ፣ ድምፁን ስትጀምር ሰማሁህ፤ ስትጨርስ ግን አልሰማሁህም» አሉኝ። ከዚያም ድራመሩን ቀላል ምት እንዲመታ ጠይቀው፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ተጫወቱ። የመጀመሪያው ድምፅ ስኔሩ (ከድራሙ ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ) በተመታበት ቅጽበት ጸጥ ይላል፤ ሁለተኛው ይቀጥላል። መዳፋቸው አልተንቀሳቀሰም፣ የግራ ጣታቸው ብቻ ከክሩ ሳይለቅ በጥቂቱ ላላ። አርባ ደቂቃ ሙሉ እነዚያን ሁለት ድምፆች ብቻ አስመቱኝ። ቪዲዮ ላይ ስንት ጊዜ አይቼ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር፤ ቪዲዮውን የማየው ጣቱ ሲወርድ እንጂ ሲነሣ አልነበረምና።

ይህን በቤትዎ እንዲህ ይለማመዱት። በጂ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለውን ድምፅ ይምቱ። ድምፁን ለማቆም ጣትዎን ከክሩ አያንሡ፤ መጫኑን ብቻ ያላሉ፣ ሌሎቹ የግራ ጣቶችም ክሩ ላይ ለስለስ ብለው ይተኙ። ከዚያ ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው አንድ ምት ይጫወቱ፣ አንድ ምት ዝም ይበሉ፤ ዝምታው የሚጀምረው ሜትሮኖሙ በጮኸበት ቅጽበት እንጂ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ መሆን የለበትም። ሁለተኛው ሥራ ያልተመቱትን ክሮች ማፈን ነው። ወደ ዲ ወይም ወደ ጂ ክር ሲሄዱ የቀኝ አውራ ጣትዎ ከፒካፑ ተነሥቶ በኢና በኤ ክሮች ላይ ይረፍ፤ ካልሆነ እነዚህ ክሮች ሳይነኩ እየተርገበገቡ በአምፕሊፋየር ላይ የሩቅ መኪና ዓይነት ጉርምርምታ ያመጣሉ። ይህን ሳያውቅ አምፕሊፋየር የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ጊዜና ችክችካ

ሜትሮኖም ሁሉንም ምት ሲመታልዎ ጊዜውን የሚጠብቀው እርሱ ነው። እርስዎ እንዲጠብቁት ከፈለጉ ምቱን ያሳንሱት፤ 40 ላይ አድርገው እያንዳንዱን ጩኸት ሁለተኛና አራተኛ ምት ነው ብለው ይቁጠሩ፣ የሚጫወቱት ፍጥነት 80 ይሆናል። መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሦስት ቀን ይታገሡ።

ችክችካ የሚባለው የአገራችን የጭፈራ ምት ግን በአራት አይቆጠርም። ዙሩን በስድስት ይቁጠሩ፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። በ1 እና በ4 ላይ የቅኝቱን መነሻ ድምፅ ረዘም አድርገው ይምቱ። ይህ ሳይናጋ አምስት ደቂቃ ሲዘልቅ በ3 እና በ6 ላይ አጭር ድምፅ ያክሉ፤ ረጅምና አጭር፣ ረጅምና አጭር ሆኖ የሚንከባለል ይሆናል። አጭሩ ድምፅ በእውነት አጭር ካልሆነ ጭፈራው ይከብዳል፤ ከላይ የተባለው የማፈን ሥራ ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሠርግ ቤት ቆሞ ጭብጨባውንና የከበሮውን መልስ እየሰማ አድጓልና፣ ሰውነቱ የሚያውቀውን ወደ ጣቱ ማውረድ ብቻ ይቀረዋል። ቤት ውስጥ እህት ወይም ወንድም እያጨበጨበ ቢያግዝዎ ከሜትሮኖም የተሻለ ነው።

አራቱ ቅኝቶች በአንገቱ ላይ

ከኤ ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ማለትም ከሲ ድምፅ እንነሣ። ሁሉም ቅኝቶች ከዚያ ተነሥተው በጂ ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ባለው ከፍተኛው ሲ ይጨርሳሉ፤ የሚለያዩት በመካከል ባሉት ነው።

ትዝታ (ሜጀሩ)፦ ኤ ክር 3 እና 5፣ ዲ ክር 2 እና 5፣ ጂ ክር 2 እና 5።
ባቲ (ማይነሩ)፦ ኤ ክር 3 እና 6፣ ዲ ክር 3 እና 5፣ ጂ ክር 3 እና 5።
አምባሰል፦ ኤ ክር 3 እና 4፣ ዲ ክር 3 እና 5፣ ጂ ክር 1 እና 5።
አንቺ ሆዬ፦ ኤ ክር 3 እና 4፣ ዲ ክር 3 እና 4፣ ጂ ክር 2 እና 5።

በእነዚህ ውስጥ ባዶ ክር ሆን ተብሎ አልገባም። ዘፋኙ በልምምድ መሐል ድምፁ አልደርስ ሲለው «ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» ይላል፤ ባዶ ክር የለመደ ሰው ያን ጊዜ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊፈልግ ነው፣ ቅርጹን የያዘ ሰው ግን እጁን ወደ አዲሱ መነሻ ድምፅ አዛውሮ ይቀጥላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ማሲንቆ ተጫዋች በተለይ አንቺ ሆዬ ውስጥ ጣቱን እያንሸራተተ የሚያወጣቸው አንዳንድ ድምፆች በሁለት ፍሬቶች መካከል ስለሚወድቁ፣ ፍሬት ያለው ቤዝ አብሮ ሊደርስባቸው አይችልም። በእነዚያ ቦታዎች ላይ መነሻውን ድምፅ ይዘው ይቆዩና ማሲንቆው ይናገር።

የማዳመጥ ሥራ

ወፍራም ድምፅን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በዐቢይ ጾም በገና ሰምቶ ያደገ ሰው፣ አሥሩ ክሮች ከነእንዚራቸው (በክሩ ሥር ከሚገቡት የቆዳ ቁራጮች ጋር) የሚያወጡትን ዝግ ያለ ንዝረት በደረቱ ያውቀዋል። ያንን ጆሮ ወደ ባንድ ሙዚቃ ይዘው ይምጡ። በአይቤክስና ቀጥሎም በሮሃ ባንድ ውስጥ ቤዝ የተጫወቱት ጆቫኒ ሪኮ በበርካታ የአገራችን ዘፈኖች ላይ ስለሚሰሙ ከእርሳቸው መጀመር ጥሩ ነው። ከአንድ ዘፈን ሃያ ሰከንድ ብቻ ይምረጡ፤ በጆሮ ማዳመጫ አሥር ጊዜ ይስሙት፣ ከዚያ ጊታሩን ሳይነኩ የቤዙን መስመር በአፍዎ ያዚሙት። በአፍ ሳይወጣ በጣት አይወጣም። አዚመው ሲይዙት ድምፆቹን አንገቱ ላይ ይፈልጉ፤ ከፈጠነብዎ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም ወደ 0.5 ዝቅ ያድርጉ። በመጨረሻም ከቅጂው ጋር አብረው ይጫወቱና እያንዳንዱ ድምፅ የት ላይ እንደሚያልቅ ብቻ ይከታተሉ። አንድ ዘፈን በዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት ቢወስድ አይድነቅዎት።

ተጫዋች መፈለግ

ቤዝ ተጫዋች ለማግኘት ድራመር ይፈልጉ። ድራመሮች ከብዙ ቤዝ ተጫዋቾች ጋር ስለሚሠሩ ማን ጊዜ እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚሮጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስም ሲጠይቋቸውም ሐሜት ሳይጨምሩ አይመልሱም፣ ሐሜቱም ጠቃሚ ነው። በደብረ ብርሃን የቀጥታ ሙዚቃ ያለባቸው ሆቴሎች የመጀመሪያው መዳረሻ ናቸው፤ ሲሄዱ ግን እንግዳ በሞላበት ሰዓት ሳይሆን መሣሪያ ሲተክሉና ድምፅ ሲሞክሩ፣ አመሻሹ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ቦታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የዝማሬ ቡድኖች ናቸው፤ በየሳምንቱ ስለሚጫወቱ እጃቸው የጠራ ወጣት ቤዝ ተጫዋቾች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ከሌላ ከተማ መጥተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎች ውስጥ ጊታር ይዘው የመጡ አይጠፉም። የወረዳና የዞን የኪነት ቡድኖችን፣ ከሠራዊትና ከፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ሙዚቀኞችንም ይጠይቁ፤ እነዚህኞቹ ኖታ የማንበብ ልምድ ስላላቸው ሌላው የማይሰጥዎትን ይሰጡዎታል።

እነዚህ ካልተገኙ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በጠዋት ተነሥቶ ተምሮ ማምሻውን መመለስ ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ቤዝ ተጫዋቹ ሄኖክ ተመስገን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት የጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚጠየቁ ቦታዎች ናቸው። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ለሚነሣ ሰው ግን መንገዱ ስለሚበዛ በወር አንድ ጊዜ ሄዶ በደንብ የተዘጋጀ ሁለት ሰዓት መውሰድ፣ በየሳምንቱ ሳይለማመዱ ከመመላለስ ይሻላል።

አጠያየቁ ውጤቱን ይወስናል። «ቤዝ አስተምሩኝ» የተባለ ሙዚቀኛ «እሺ፣ ትደውልልኛለህ» ብሎ ይሸኛል፤ ይህ እሺታ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ጥያቄው ጠባብና የሚፈጸም ይሁን፤ ለምሳሌ «ጋሼ፣ ለብቻዬ ስድስት ወር ተለማምጃለሁ፤ አንድ ሰዓት ቢሰጡኝና ቀኝ እጄን ብቻ ቢያዩልኝ» ማለት ይቻላል። ክፍያውን አስቀድመው ይነጋገሩ። «ግድ የለም፣ የፈቀድከውን» ቢሉዎት እንኳ በዚያው አይለፉት፤ ሁለታችሁም ከተሳቀቃችሁ ሁለተኛው ቀጠሮ አይኖርም።

በተሰጠዎት ሰዓት መጀመሪያ ያዘጋጁትን አጭር ነገር ይጫወቱ፤ ስለ ክርዎ እርጅናም ሆነ ስለ ብርዱ ምክንያት አያቅርቡ። ቀጥሎ ያንኑ ነገር እርሳቸው እንዲጫወቱት ይጠይቁና ቀኝ እጃቸውን፣ ከዚያም የግራ ጣታቸውን አነሣስ ይመልከቱ። ፈቃድ ጠይቀው ይቅረጹ። ከመሄድዎ በፊት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሠርተው የሚያመጡትን አንድ ልምምድ ብቻ ይቀበሉ፤ ከአንድ በላይ ከያዙ የትኛውንም አይሠሩትም። አስተማሪው ጥሩ መሆኑን የሚያውቁት የሚመቱትን ድምፅ ቁጥር እንዲቀንሱ ሲጠይቅዎና አብሮዎት ሲጫወት ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ከፍዬ ሰውዬው ፍጥነቱን ሲያሳየኝ ብቻ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ፤ ጥሩ ትርኢት ነበር፣ ትምህርት ግን አልነበረም።

ከሰው ጋር መጫወት

ሦስት ወይም አራት ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ድራመር፣ ካልተገኘም ከበሮ የሚመታ ሰው ፈልገው በሳምንት አንድ ቀን ይገናኙ። ከባንድ ጋር ሲቆሙ ከድራመሩ ሃይ ሃት (በእግር ከሚከፈቱና ከሚዘጉት ጥንድ ጸናጽሎች) በኩል፣ የቀኝ እግሩ የትልቁን ከበሮ ፔዳል ሲረግጥ ማየት በሚችሉበት ቦታ ይቁሙ። ድምፅዎን የዘፋኙ ቃል እስኪሰማዎት ድረስ ይቀንሱ። የመጀመሪያውን ዘፈን ምንም ያህል ጣትዎ ቢበላዎት በመነሻው ድምፅ ብቻ፣ ከእግሩ ጋር እየገጠሙና በጊዜው እየጨረሱ ይዝለቁት። ዘፋኙ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ ዘወር ብሎ ካላየዎት፣ በሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ድምፅ ይጨምሩ።